ዓረቡን ፍለጋ በሚስቱ በኩል

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

(የዚህ ዓምድ መላሽ ዕድሜያቸውን በጅማ ከተማ በመዝገብ ቤት ሥራ ያሳለፉና አሁን በጡረታ ላይ ያሉ እናት ናቸው።)

ጥያቄ፦ ይድረስ ለእትዬ። ጤና ይስጥልኝ፤ የምኖረው እዚሁ ጅማ፣ ሂርማታ ነው። የአባቴ አያት ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ከየመን መጥተው ገበያው አጠገብ ሱቅ የከፈቱ ዓረብ ነበሩ። ሰፈሩ የሚጠራቸው «ሐጂ» እያለ ነው፤ ግቢያችንም እስከ ዛሬ «የሐጂ ግቢ» ይባላል። ቡናና ቆዳ እየገዙ አዲስ አበባ ይልኩ እንደነበር፣ ለጎረቤት ዱቤ እንደማይነፍጉ፣ ሲቆጡ በዓረብኛ ሲደሰቱ በኦሮምኛ ይናገሩ እንደነበር ስሰማ ነው ያደግሁት። ሚስታቸው የዳውሮ ሴት ነበሩ ይባላል። ሐጂ የሞቱት በደርግ ጊዜ ነው። ሱቁ ከተወረሰ በኋላ ሁለቱ ልጆቻቸው ወደ ሰንዓ ሄዱ፤ የየመን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ድምፃቸው ጠፍቷል። እጃችን ላይ ያለው አንድ ፎቶግራፍ፣ ማንም ያላነበበው በዓረብኛ የተጻፈ ወረቀትና ጥቂት ማርትሬዛ ነው። ሐጂ ከየትኛው የየመን አገር እንደመጡ ማወቅ እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር? አባቴ «ዛሬ በዲኤንኤ ይታወቃል» ይላል። ወንድሜ ደግሞ ወረቀቱ እንዳይበላሽ ላሚኔት እናስደርገው እያለ ነው። ምን ይመክሩኛል?
— የሂርማታዋ

መልስ፦ ልጄ፣ ከወንድምሽ ልጀምር፤ የሚቸኩለው እሱ ነውና። ወረቀቱን ላሚኔት እንዳታስደርጉት። ማሽኑ ላስቲኩን የሚያጣብቀው በሙቀት ነው፤ ሙጫው አንዴ ወረቀቱ ውስጥ ከገባ አይወጣም። ቀለሙ ቢደበዝዝ፣ ወረቀቱ ቢሻግት፣ ባለሙያ ልጠግነው ቢል እንኳ መንገዱ ተዘግቷል። በሥራ ዘመኔ ሰዎች የአባታቸውን ሰነድ ላስቲክ አልብሰው፣ ኮርተው ይዘውልኝ ይመጡ ነበር። ማኅተሙ ይታያል፤ እውነተኛ ይሁን ቅጂ ግን በጣት ዳሶ፣ በብርሃን ገልብጦ መለየት አይቻልም። ስለ አቀማመጡ በኋላ እመለስበታለሁ፤ ለጊዜው ወንድምሽን ብቻ ያዥልኝ።

አሁን ወደ ራስሽ። ስለ ሐጂ ቁጣቸው በምን ቋንቋ እንደነበር ሳይቀር ጽፈሽልኛል። ስለ ሚስታቸው ያለው አንድ መስመር ነው፤ እሱም «ይባላል» የሚል ጅራት አለው። ስማቸውም የለም። ይህ የአንቺ ብቻ ነገር አይደለም። የዓረብ፣ የግሪክ፣ የአርመን፣ የሕንድ ዘር አለብን ብለው የሚጠይቁኝ ሁሉ ባሕር አቋርጦ የመጣውን ሰው እንጂ በር ከፍታ ያስገባችውን አይጠይቁም። እኔ ደግሞ በመዝገብ ቤት ያየሁት ተቃራኒውን ነው፤ ወረቀቱ ያለው በእሷ በኩል ነው።

ምክንያቱ የሕግ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 390 የውጭ አገር ሰው በኢትዮጵያ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዳይሆን ይከለክል ነበር፤ በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ካልተፈቀደለት በቀር። ታዲያ ዓረቡ ነጋዴ ምን ያደርጋል? ገንዘቡን ያወጣል፣ ግንበኛውን ይቀጥራል፣ ቤቱን ያሠራል፤ ካርታው የሚወጣው ግን በሚስቱ ወይም በልጁ ስም ነው። ስለዚህ የይዞታ ፋይል ፍለጋ ስትሄጂ «የሐጂን ፋይል ስጡኝ» ብትዪ ሠራተኛው ቀኑን ሙሉ ፈልጎ የለም ይልሻል፤ እውነቱን ነው። ፋይሉ ሐጂን አያውቃቸውም። የሚያውቀው «ወይዘሮ እከሊት»ን ነው። በፋይሉ ውስጥ የወይዘሮዋ ስም ከነአባታቸው፣ የአዋሳኞቹ ስም፣ ዕድል ከቀናሽ ደግሞ ባል ተብሎ በምስክርነት የፈረመ ሰው ይገኛል። የቅድመ አያትሽን አባት ስም በዚህ መንገድ ካገኘሽ፣ ስለ ሐጂ ከምታውቂው አንድ ትውልድ አልፈሽ ሄድሽ ማለት ነው።

ሱቁ ተወረሰ ብለሻል። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት የሆነው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ነው። በአዋጁ መሠረት ወርኃዊ ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነ ቤት ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ወደ ኪራይ ቤቶች ሄዷል። ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄሽ «ሱቁ ስንት ይከራይ ነበር?» ይሁን፤ መልሱ የትኛው መሥሪያ ቤት እንደምትሄጂ ይነግርሻል። የቀበሌዎች ቁጥር ከዚያ ወዲህ ተቀያይሯል፤ አሮጌውን የቀበሌና የቤት ቁጥር ይዘሽ ሂጂ። በአሮጌ የውኃ ወይም የመብራት ደረሰኝ ላይ ይገኛል፤ በሩ ላይ የተመታ ቆርቆሮም ካለ ፎቶ አንሺው።

በሐጂ ስም የሚገኘው የንግዱ ወረቀት ነው፤ ግብር፣ ንግድ ፈቃድ፣ ምናልባትም የውጭ ዜጋ የመኖሪያ ፈቃድ። እዚህ ላይ የጸሐፊው ጆሮ ያስቸግርሻል። የዓረብ ስም በፊደላችን ሲጻፍ እንደ ጸሐፊው ነው፤ አንዱ በሐመሩ ሐ፣ አንዱ በሃሌታው ሀ፣ አንዱ በብዙኃኑ ኀ ይጽፈዋል፤ ሳሊም ሌላ ቦታ ሳሌም፣ ሌላ ቦታ ሰሊም ይሆናል። አንድ ሰው በሦስት ፋይል ሦስት ሰው ሆኖ አይቻለሁ። ፍለጋ ከመሄድሽ በፊት የስሙን አጻጻፍ ሁሉ በወረቀት ደርድሪ።

ሌላው በር የሸሪዓ ፍርድ ቤት ነው። በ1936 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 62 ለእስልምና ፍርድ ቤቶች በጋብቻ፣ በፍቺ፣ በውርስና በወቅፍ (ለበጎ ሥራ በተሰጠ ንብረት) ላይ ሥልጣን ተሰጥቷቸዋል። ሐጂ ሲሞቱ ወራሾቻቸው የወራሽነት ማስረጃ አውጥተው ከሆነ፣ ቤተሰብ ለመፈለግ ከዚያ መዝገብ የሚበልጥ ወረቀት የለም። ውርስ ማንንም አይረሳም፤ ዝም የተባለውን ልጅ፣ የመን ውስጥ የቀረችውን የመጀመሪያ ሚስት ሳይቀር ይቆጥራል። (አዎ፣ የመጀመሪያ ሚስት ልትኖር ትችላለች። ወጣት ሆነው ባሕር የተሻገሩ ብዙዎች አግብተው ነው የመጡት። አባትሽን ቀስ ብለሽ አዘጋጂው።) ሰንዓ የሄዱት ልጆች ለጅማው ዘመድ ውክልና ልከው ከሆነም አድራሻ አለበት።

እነዚህ ወረቀቶች ካልተገኙስ? ሊጠፉ ይችላሉ። እኔ ራሴ በአንድ መሥሪያ ቤት ጣሪያው አፍስሶ የበሰበሰ ፋይል በአካፋ ሲዛቅ አይቻለሁ። የልደት ምዝገባም እንዳያታልልሽ፤ በአገራችን ልደትና ሞት በወጥነት መመዝገብ የጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው በየማዘጋጃ ቤቱ ለጠየቀ ሰው የሚሰጥ ምስክር ወረቀት ነው። ስለዚህ ዋናው መዝገብ ሰው ነው፤ ሰውን መጠየቅ ደግሞ ሙያ ይፈልጋል።

አረጋዊ ሰው «ሐጂ በስንት ዓመተ ምሕረት መጡ?» ተብሎ ቢጠየቅ ወይ አላውቅም ይላል ወይ አንቺን ለማስደሰት አንድ ዓመት ይሰጥሻል። ሁለተኛው ይብሳል። ዓመቱን ተዪና ገንዘቡን ጠይቂ፤ «ሱቁን በምን ገዙት?» በይ። በማርትሬዛ ከተባልሽ በአብዛኛው ከ1937 በፊት ነው። ሊሬ ከተባለ በጣሊያን ጊዜ፣ ከ1928 እስከ 1933 ባለው ነው። ሽልንግ ከተባለ እንግሊዞች ከገቡ በኋላ፣ አዲሱ ብር በሐምሌ 1937 ከመውጣቱ በፊት ባሉት ጥቂት ዓመታት ነው። ሰው ዓመት ይረሳል እንጂ የከፈለውን ገንዘብ አይረሳም። ስለ ማርትሬዛው አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ፤ ላዩ ላይ 1780 የሚል ታገኛለሽ። ማርትሬዛ መቼም ይመታ መቼ፣ የሚታተምበት ዓመት ያው ነው፤ ምስላቸው ያለበት የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞቱበት የፈረንጅ ዓመት። ከእሱ ተነሥቶ «ዘራችን እዚህ ከገባ ከ200 ዓመት በላይ ሆኖታል» ብሎ የሚከራከር ሰው ገጥሞኛል፤ ልመልሰው ብዬ አልቻልኩም።

መንገዱንም ጠይቂ። ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። «ከጅቡቲ በባቡር አዲስ አበባ፣ ከዚያ በበቅሎ ግቤን ተሻግረው» ከተባለ ከ1909 ወዲህ ነው። «በካሚዮን መጡ» ከተባለ ደግሞ የጣሊያን መንገድ ከተሠራ በኋላ ሊሆን ስለሚችል «ጣሊያን ከመግባቱ በፊት» የሚለው ወሬ ራሱ ይፈተሽ። «አባ ጅፋርን በዓይናቸው አይተዋል ወይ?» ብለሽም ጠይቂ፤ ንጉሡ ያረፉት በ1920ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ካዩአቸው ከዚያ በፊት ጅማ ነበሩ። እንዲህ ያሉ ሦስት አራት መልሶች ሲገጣጠሙ ሐጂ የመጡበት ዘመን በአምስት ዓመት ውስጥ ይጠባል። ለጊዜው ይበቃሻል።

ማንን ትጠይቂያለሽ? ሴቶቹን። ወንዶቹ ስለ ሐጂ ንግድና ክብር ይነግሩሻል፤ ያንን ሰምተሽ አድገሻል። የሐጂ ቤት ያገለገለች፣ በጎረቤት ያደገች፣ ለሰርግ ወጥ የሠራች ሴት ፈልጊ። ሳሎን ተቀምጠሽ ደብተር ገልጠሽ አትጠይቂያት፤ «እኔ ምን አውቃለሁ» ትልሻለች። ጓዳ ግቢና ሐጂ ምን ይበሉ እንደነበር ጠይቂ። ከየመን ሰዎች መካከል ያለ ሁልባ (አብሽ) ምሳ የማይሆንላቸው አሉ፤ ሌላው ሩዝና ዓሣ የለመደ የባሕር ዳር ሰው ነው። ምግብ ብቻውን አገር አይመሰክርም፤ ግን ስለ ሁልባው እየነገረችሽ ማን ይፈጨው እንደነበር ትናገራለች፤ የፈጨችው ማን እንደሆነች፣ ከየት እንደመጣች፣ ማን እንዳመጣት። ስልክሽን ክፈቺና ቅጂ፤ አስፈቅደሽ ነው ታዲያ። በኦሮምኛ ከተናገረች በኦሮምኛ ይቀዳ፤ በቦታው አታስተርጉሚ።

እዚህ ላይ ለመጻፍ የሚከብደኝን ነገር ልጻፍ። «ቅድመ አያታችን ከዳውሮ እንዴት ጅማ መጡ?» ብለሽ ስትጠይቂ ቤቱ ዝም ሊል ይችላል። ሂርማታ የቡናና የማር ገበያ ብቻ አልነበረም፤ ሰውም ይሸጥበት ነበር። ከዳውሮ፣ ከከፋና ከሌሎችም አገሮች የተያዙ ሰዎች በጅማ በኩል አልፈዋል፤ ጅማም የቀሩ አሉ። ባርነትን በሕግ የሻረው አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በኋላም ነገሩ በአንድ ቀን አልቆመም። የቅድመ አያትሽ ታሪክ ይህ ነው አላልኩም። ከነጋዴ ቤተሰብ ጋር መጥተው፣ ወይም በዘመድ በኩል ተድረው ሊሆን ይችላል። ግን መልሱ ይህኛው ከሆነ ዝም ያሉሽ ሰዎች አንቺን ሊደብቁ ሳይሆን እሳቸውን ሊሸፍኑ ነው ዝም ያሉት። አትጫኚያቸው። ለብቻ፣ ቀስ ብለሽ፣ ከአንዷ ጋር ብቻ አንሺው። ስማቸው ተለውጦ ሊሆን ስለሚችል የቤት ስማቸውንና የእስልምና ስማቸውን ለየብቻ ጠይቂ። የወንድም ወይም የእህት ስም ካስታወሱም ጻፊ፤ ዳውሮ ዘንድ ዘመድ ለመፈለግ የሚያገለግልሽ የሐጂ ሱቅ ዝና ሳይሆን ያ ስም ነው። ያገኘሽውን ለማን እንደምትነግሪ የምትወስኚው አንቺ ብቻ አይደለሽም፤ አክስቶችሽን አማክሪ።

የዓረብኛው ወረቀት። ፊትና ጀርባውን ፎቶ አንሺውና ፎቶውን ብቻ ይዘሽ ሂጂ፤ ዋናው ከቤት አይውጣ። የእጅ ጽሑፍ ማንበብ ቁርኣን ከማንበብ ይለያል፤ ዓረብኛ የሚችል ሁሉ አያነበውም። የቆየ የንግድ ደብዳቤ ያየ ሽማግሌ ወይም የመድረሳ መምህር ፈልጊ። ይዘቱ የዕዳ ወረቀት ወይም የቡና ሒሳብ ሆኖ ቢያሳዝንሽ ተስፋ አትቁረጪ። የምትፈልጊው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው በስሙ መጨረሻ ላይ ያለው ቅጽል ነው፤ ሐድረሚ፣ ያፊዒ፣ ሑጀሪ የሚል ዓይነት። እኛ አገር ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ስለሆነ ይህ ቅጽል በቀበሌ መታወቂያ ላይ ቦታ አጥቶ ወድቋል፤ ሐጂ ለዓረብ ወዳጃቸው ሲጽፉ ግን አይተዉትም። ሐድረሚ ከሆኑ ከሐድረሞት ናቸው፤ ያፊዒ ከሆኑ ከዓደን በስተሰሜን ካለው ከያፍዕ ተራራ፤ ሑጀሪ ከሆኑ በተዒዝ ደቡብ ካለው ከሑጀሪያ። አንዳንዱ ቅጽል የጎሳ ወይም የሙያ ስም ስለሆነ የመንን የሚያውቅ ሰው ያረጋግጥልሽ። ሁለተኛው ቀኑ ነው። በሂጅራ ከሆነ ቀንሶ መደመር አይሠራም፤ የሂጅራ ዓመት ከእኛ በ11 ቀን ገደማ ስለሚያንስ 33ቱ የሂጅራ ዓመት 32 የእኛ ዓመት ነው። ለመነሻ ያህል፣ 1355 ሂጅራ የገባው በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ነው፤ ጣሊያን አዲስ አበባ ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት።

ቅጽሉ ከታወቀ የመን በኩል ያለው ፍለጋ መልክ ይይዛል። ዓደን እስከ 1960 ዓ.ም. ድረስ በእንግሊዝ እጅ ነበረች፤ ከ1929 በፊት ደግሞ የምትተዳደረው በሕንድ በኩል ነው። የዚያ አስተዳደር መዛግብት ለንደን፣ በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት የሕንድ ቢሮ ክምችት ውስጥ ይገኛሉ። ሐጂ ከዓደን ወይም በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር ከነበሩት አገሮች ከሆኑ ስማቸው ከእንግሊዝ ወረቀት ጋር ተነካክቶ ሊሆን ይችላል። በየመኑ ገዥ በኢማሙ ሥር ከነበረው ሰሜን ከሆኑ እንዲህ ያለ ወረቀት አትጠብቂ፤ መንገድሽ ሰው ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ወደ የመን የሄዱት ቤተሰቦች በሰንዓም በዓደንም እርስ በርስ ይተዋወቃሉ፤ ከ2007ቱ ጦርነት ወዲህ ከእነሱ መካከል አዲስ አበባ የተመለሱ አሉ። ሰንዓ የሄዱትን የሐጂ ልጆች ስምና የጅማውን ሰፈር ለእነሱ ብትነግሪ፣ አንድ የሚያውቅ ሰው የማይጠፋ ይመስለኛል።

ዲኤንኤ? አባትሽ ደስ ካለው ያስመርምር። ምርመራው የሚነግራችሁ ከተመረመሩ ሌሎች ሰዎች ጋር ያላችሁን ዝምድና ነው፤ የሐጂ መንደር ሰዎች ካልተመረመሩ ከማን ጋር ይተያያል? ስምም ቀንም አይሰጥም። ያንን ገንዘብ እኔ ብሆን ዳውሮ ለመሄጃ አደርገው ነበር።

ወደ ሣጥኑ እንመለስ። ጅማ ዝናብ የምትወድ ከተማ ናት፤ ወረቀት ግን አይወድም። ወረቀትሽን በፌስታል አታፍኚው፤ እርጥበቱ ውስጥ ቀርቶ ያሻግተዋል። ንጹሕ ነጭ ወረቀት በየመካከሉ አድርገሽ በካርቶን አስቀምጪ፤ ካርቶኑ ከመሬት ከፍ ይበል፣ ግድግዳ አይንካ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አይሁን። ምስጥና ብል ካሉ በየወሩ ክፈቺና እዪ፤ መክፈቱ ራሱ አየር ያስገባል። የተቀደደውን በፕላስተር አታጣብቂ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ቡናማ ሆኖ ጽሑፉን ይበላዋል። ሻጋታ ካየሽ በጥላ አድርቀሽ በለስላሳ ብሩሽ ጥረጊ፤ ፀሐይ ላይ አታስጪ፣ በውኃም አትንኪ። ፎቶግራፉን ገልብጪው፤ ጀርባው ላይ የፎቶ ቤት ማኅተም ካለ አዲስ አበባ ወይም ዓደን የተነሣ መሆኑን ይነግርሻል። አንቺ ስም ስትጽፊበት በእርሳስ፣ ጠርዙ ላይ፣ ሳትጫኚ ጻፊ፤ እስክሪብቶ ወደ ፊቱ ያልፋል። በስልክ ስታነሺም መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ። ቅጂው አንድ ስልክ ላይ ብቻ አይቅር፤ ስልክ ይሰረቃል። ለወንድምሽም ሥራ እንስጠው፤ ቅጂ የመያዙ ኃላፊነት የእሱ ይሁን።

ጥያቄ፦ እኔ የአጋሮ ሰው ነኝ፤ ዕድሜዬ ገፍቷል። እናቴ የተወለደችው ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ነው፤ አባቷ ጣሊያን ነበር። ስሙ «ማሪዮ» ከመባሉ በቀር የምናውቀው የለም። ጣሊያን አገር ሄዶ ማግኘት ይቻላል?
— የአጋሮው

መልስ፦ ወንድሜ፣ በማሪዮ ብቻ አይቻልም። ገንዘብዎን አያውጡ።

ምክንያቱን ልንገርዎ። ጣሊያኖች በሚያዝያ 1929 ዜጎቻቸው ከአገሬው ሰው ጋር እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖሩ በእስራት የሚቀጣ ድንጋጌ አወጡ፤ በግንቦት 1932 ደግሞ ጣሊያናዊ አባት ከአገሬው ሴት የወለደውን ልጅ ልጄ ብሎ እንዳያስመዘግብ በሕግ ከለከሉ። እናትዎ የተወለዱት ከዚህኛው ሕግ በኋላ ከሆነ አባታቸው ሊያስመዘግባቸው ቢፈልግ እንኳ አይችልም ነበር። በጣሊያን ወረቀት ላይ እናትዎን ከእሱ ጋር የሚያገናኝ ነገር አለመኖሩ አለመወደዳቸውን አያሳይም፤ ይህንን በቤተሰብ ውስጥ የሚነገር ነገር ካለ ቢያስተካክሉት ጥሩ ነው።

በር የሚከፍተው የአባት ስምና የትውልድ ከተማ ነው። የጣሊያን ወታደሮች የአገልግሎት መዝገብ እንደየምልመላ ወረዳውና የትውልድ ዓመቱ በየክፍለ ሀገሩ የመንግሥት ቤተ መዛግብት ይቀመጣል፤ ሙሉ ስምና ቦታ ላለው ሰው መጻፍ ይቻላል። ግን ወታደር ነበር? ጅማ ከነበሩት ጣሊያኖች መንገድ ሠራተኛው፣ ሹፌሩ፣ መካኒኩ ብዙ ነው፤ ወታደር ካልሆነ በዚያ መዝገብ አይፈለግም። ጣሊያን በ1933 ከወጣ በኋላስ እዚህ ቆይቷል? ለሥራቸው ተፈልገው የቀሩ ነበሩ። እናትዎ ክርስትና የተነሡት በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ከሆነ ደግሞ የጥምቀት መዝገቡን ይጠይቁ፤ መንግሥት የከለከለውን ስም ካህን ጽፎት ሊሆን ይችላል። ከሁሉ በፊት ግን አያትዎን የሚያውቁ የፈረንጅ አራዳ ሰዎች በሕይወት ካሉ ዛሬ ነገ አይበሉ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሚኒያፖሊስ ነው። እናቴ ሰቃ ጨቆርሳ ናት፤ ኦሮምኛ ብቻ ነው የምትናገረው። ልጆቼ እዚህ ተወልደው ከእንግሊዝኛ ሌላ አይሰሙም። የእናቴን ታሪክ በስልክ ልቅዳ ብዬ ስደውል ሰላምታው ሳያልቅ ኔትወርኩ ይቆረጣል፤ ካልተቆረጠም «ደህና ነን፣ ሁሉ ሰላም ነው» ብላ ትዘጋለች። ምን ላድርግ?
— የሰቃዋ ልጅ

መልስ፦ እህቴ፣ ከአሜሪካ የሚደወል ስልክ ለእናት የናፍቆትና የደህንነት ማረጋገጫ ነው፤ እዚያ ላይ ታሪክ ይነገራል ብለሽ አትጠብቂ። ጠያቂው እዚያው አጠገቧ ይሁን። የእህትሽ ልጅ ወይም የጎረቤት ተማሪ ትቅዳት፤ አንቺ የምትልኪው ጥያቄውን ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ ላኪ፤ ዝርዝር ከላክሽ ልጅቷ እንደ ፈተና ታነበዋለች፤ እናትሽም እንደ ፈተና ይመልሳሉ።

የመጀመሪያው ጥያቄ የዘር ቆጠራ ይሁን። አባት፣ የአባት አባት እያሉ ወደ ላይ መቁጠር የለመዱት ነገር ስለሆነ አይከብዳቸውም፤ አፋቸውን ይፈታል። ከዚያ የእናታቸውን ወገን ያስቆጥሯቸው፤ እዚያ ላይ ቆጠራው ያጥራል፣ ወሬው ግን ይረዝማል።

ልጆችሽ ስለማይሰሙት ብለሽ ቅጂውን በእንግሊዝኛ ብቻ አታስቀምጪ። የእናትሽ ድምፅ በኦሮምኛ እንዳለ ይቀመጥ፤ ትርጉሙ ለብቻው ይጻፍ። በየፋይሉ ስም ላይ የተናጋሪዋን ስም፣ ቦታውንና ቀኑን አስገቢ፤ ቀኑን ስትጽፊ በማን አቆጣጠር እንደሆነ አመልክቺ። ልጅቷ በእኛ፣ አንቺ በፈረንጅ ከጻፋችሁ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ልዩነቱ ሰባት፣ ከዚያ ወዲያ ስምንት ዓመት ነው፤ የልጅ ልጆችሽ ይህንን አያውቁም።

ለቀጂዋ ልጅ የካርድ ብር መላክ አትርሺ። ቅጂውንም ኔትወርክ ላይ አትጣሉት፤ ወደ ጅማ ገበያ የሚወርድ ሰው በፍላሽ ይዞ መጥቶ ከከተማ ይላከው።